«ዝንጀሮው 2»፦ ከካርቶን ሥር የወጣ ጌም

ይህ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለጎረቤቶችና ለሰፈሩ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በስልክ ከተቀዳው ላይ ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ልጆች ወደ ፊት ኑ፤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጅ አውጡ።

ይቺን አያችኋት? ቀይ ፕላስቲክ ናት። ከመዳፌ ትንሽ ታንሳለች። እናንተ ልጆች ምን እንደሆነች ላታውቁ ትችላላችሁ። አባቶቻችሁ ግን ከሩቅ ለይተዋታል፤ ፈገግ ሲሉ እያየሁ ነው። ካሴት ናት። የቲቪ ጌም ካሴት።

ድሮ ፊቷ ላይ የነበረው ሥዕል ተልጦ አልቋል። በምትኩ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎባታል። ፕላስተሩ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ዝንጀሮው 2» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚች ካሴት ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

አብዛኞቻችሁ ሥራዬን ታውቃላችሁ። ከአስፋልቱ ማዶ ባለችው ሱቅ ቲቪ፣ ዲኮደርና ስፒከር እጠግናለሁ። ከክረምቱ በፊት አንዲት ጎረቤታችን ልጅ ላኩብኝ። ስሜን አታንሳ ስላሉኝ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ። ከካዛንቺስ ተነሥተው ነው እዚህ የገቡት። ከመጡ ጀምሮ ያልተከፈተ አንድ ካርቶን ነበራቸው። ስደርስ ቁራሌው በር ላይ ቆሞ ዋጋ እየተከራከረ ነበር። «ሳልሰጠው በፊት ለሥራህ የሚሆን ሽቦ ካለበት እይ ብዬ ነው» አሉኝ።

ካርቶኑን በረንዳው ላይ ዘረገፍነው። ገመዳቸው የተቆረጠ ሁለት ጆይስቲክ አለ። ክዳኑ የተሰነጠቀ ማሽን አለ። የአንቴና ሽቦ፣ አንድ አዳፕተር፣ ሰባት ካሴት። ስድስቱን ወዲያው አወቅኳቸው። ማሪዮ አለች፣ ኮንትራ አለች፣ በውስጧ ሚሊዮን ጌም እንዳለ የምትምል ቢጫ ካሴት አለች። ሰባተኛዋ ይቺ ናት። ዝንጀሮ ያለበት ጌም ልጅ ሆኜ ተጫውቼ አላውቅም። «ዝንጀሮው 1» የት ሄደ ብዬ ካርቶኑን ደጋግሜ አየሁ። የለም።

የእትዬ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካዛንቺስ ግቢያቸው ውስጥ ጌም ቤት ነበራቸው። ከ1987 እስከ 1995 ዓ.ም. ገደማ ሠርተዋል። አንድ ክፍል፣ ሁለት ቲቪ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። ሂሳቡ ስሙኒ ነበር። ልጆች፣ ስሙኒ ማለት 25 ሳንቲም ነው። በስሙኒ አንድ ጊዜ ትጫወታለህ፤ ነፍስህ ሲያልቅ ትለቃለህ። ቀጣዩ ከኋላህ ትከሻህን እየገፋ ይጠብቃል። እኔ ያደግኩት በሌላ ሰፈር ቢሆንም ወንበሩም ግፊያውም ያው ነበር።

ከቁራሌው ጋር በጥሩ መንገድ ተለያየን። ሽቦውንና የተሰበረውን ብረት ወሰደ፣ እኔ ካሴቶቹን ወሰድኩ።

አሁን ስለ ማሽኑ ትንሽ ልናገር። እኛ ቲቪ ጌም የምንለው ዕቃ አባቱ ጃፓናዊ ነው። ኔንቲዶ የተባለው ኩባንያ በሐምሌ 1975 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1983 ማለት ነው፣ ፋሚኮም የሚባል ማሽን ለገበያ አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካ ሲገባ ቅርጹም ስሙም ተቀየረ፤ ካሴት መሰኪያው 60 እግር የነበረው 72 ሆነ። ውስጡ ደግሞ የቁልፍ ቺፕ ገባበት። ኩባንያው ያልፈቀደው ካሴት ሲሰካ ማሽኑ አልነሣም ይላል። የጃፓኑ ግን ይህ ቁልፍ አልነበረውም። በሩ ክፍት ነበር።

አስመስለው የሚሠሩት ሰዎች በዚያ ክፍት በር ገቡ። ታይዋን ውስጥ ዩኤምሲ የተባለ የቺፕ ፋብሪካ የፋሚኮምን ዋና ዋና ቺፖች የሚተካ ቺፕ ሠራ። ኋላ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ቺፕ ውስጥ ተጠቃለለ። ማሽኑ ረከሰ። ሩሲያ ውስጥ ዴንዲ ተብሎ በፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ተሸጠ፤ ፖላንድ ውስጥ ፔጋሰስ ተባለ። በየአገሩ ስም ወጣለት። እኛ ጋ ቲቪ ጌም ተባለ። ያ ሁሉ ልጅ ያደገበት ማሽን በእኛ አፍ ፎርጅድ ነበር። እትዬ እንዳጫወቱኝ ባለቤታቸው ካሴቱን የሚያመጡት በባቡር ከድሬዳዋ ነበር፤ ታይዋን ከሚባለው ገበያ። ታይዋን የተሠራ ዕቃ ድሬዳዋ ታይዋን ደርሶ፣ ከዚያ ካዛንቺስ። ይህን ሲነግሩኝ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ወደ ካሴቷ ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር መክፈት ነው። ካቻቪቴ እንኳ አላስፈለገኝም፤ በጥፍር ተከፈተች። ውስጧ ትንሽ አረንጓዴ ቦርድ አለ። ቦርዱ ላይ እንደ ሬንጅ ያሉ ሁለት ጥቁር ጠብታዎች አሉ። በዋናው ካሴት ላይ እግር ያለውና ቁጥር የተጻፈበት ቺፕ ታገኛላችሁ። ፎርጅዱ ላይ ግን ራቁቱን ያለ ሲሊከን ቦርዱ ላይ ይለጠፋል፣ በቀጫጭን ሽቦ ይያያዛል፣ ከላይ ጥቁር ሙጫ ይፈስበታል። ርካሽ ነው። ቁጥር ስለሌለው ማን እንደሠራው አይናገርም። ሲበላሽም ፈትቶ መቀየር አይቻልም። ሙጫው ሥር ያለው መረጃ የመጨረሻው ቅጂ ከሆነ አብሮ ጠፋ ማለት ነው። እኔን ያስቸኮለኝ ይህ ነው።

ቀጥሎ እግሮቹን አጸዳሁ። እዚህ ላይ አባቶች ስሙኝ። ሁላችንም ካሴት አልሠራ ሲል «እፍ» እንል ነበር። አንዳንዱማ ከመጸለይ ለይቶ አያየውም ነበር። የሚሠራው ግን ትንፋሹ አልነበረም፤ ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ነው። ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ እርጥበት መዳቡን ይበላዋል። ኔንቲዶም ደንበኞቹን አትንፉ ይል ነበር። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። የዚች ካሴት እግር ላይ የስንት ልጅ ትንፋሽ እንዳለ ከጥጡ ጥቁረት አየሁት።

ከዚያ ማንበቢያዋን ሰካሁ። ካሴት ተቀብላ ውስጡን ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጥ ትንሽ መሣሪያ ናት። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው ያስመጣኋት። አንድ ጊዜ አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ሁለቱ ንባቦች አልተመሳሰሉም። ከእግሮቹ አንዱ ገና በደንብ አይነካም ማለት ነው። እንደገና ጠረግኩ። ሦስተኛውና አራተኛው እስከ መጨረሻዋ ባይት፣ እስከ መጨረሻዋ የመረጃ ቅንጣት ድረስ አንድ ሆኑ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ጠቅላላው 64 ኪሎባይት ነው። ልጆች፣ ይህ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» 40 ኪሎባይት ነው፤ 32ቱ ፕሮግራም፣ 8ቱ ሥዕል። ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢሆን፣ ማሪዮ ከነዓለሙ፣ ከነሙዚቃው፣ ከነልዕልቷ አንድ ፎቶ ውስጥ መቶ ጊዜ ይገባል። በዚያች ጠባብ ቦታ ሰዎች ምን እንደሠሩ ሳስብ አሁንም እገረማለሁ።

በኢሙሌተር ከፈትኩት። ኢሙሌተር ማለት ኮምፒውተራችሁ ያንን የድሮ ማሽን መስሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። መግቢያው ላይ የጌሙ ርዕስ መሆን ያለበት ቦታ ጥቁር ነው። ስም የለም። ዓመት የለም። የኩባንያ ምልክት የለም። ጀምር የሚለውን ስነካ ዝንጀሮ ወጣ። የዝንጀሮ ጭንቅላት፣ የሰው አካል፣ ወገቡ ላይ የቅጠል ግልድም። ድንጋይ መጥረቢያ ይወረውራል። ፍራፍሬ ይለቅማል። ካልለቀመ ከላይ ያለው የጉልበት መለኪያ እያነሰ እያነሰ ይሄድና ይሞታል። ቆሞ ማሰብ የለም፤ መሮጥ ነው። ዝንጀሮ ፍራፍሬ ቢለቅም ምን ይገርማል? ጌሙ ለዝንጀሮ የተሠራ ይመስላል።

ግን ዳገቱን አወቅኩት። ሁለተኛው ደመና ጋ ስደርስ እጄ ቀድሞኝ ዘለለ። ይህ «አድቬንቸር አይላንድ» ነው። ሀድሰን የተባለ የጃፓን ኩባንያ በፈረንጆቹ 1986 ያወጣው ጌም። 32 ዙር አለው። በዋናው ላይ የሚሮጠው ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው።

ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ማንም አይቶት የማያውቅ አዲስ ጌም ነበር የጠበቅኩት። በማግስቱ ግን ዋናውን ጌምና የእትዬን ካሴት ጎን ለጎን አድርጌ ባይት በባይት አስተያየኋቸው። ነገሩ ከዚያ ጀመረ።

በዚህ ማሽን ሥዕል የሚሠራው ከትናንሽ ሰድሮች ነው። እያንዳንዱ ሰድር ስምንት ነጥብ በስምንት ነጥብ ነው። ከ16 ባይት አይበልጥም። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ አስቡ። የዚህ ካሴት የሥዕል ክፍል 2048 ሰድሮች አሉት። ዋናውና የእትዬ ካሴት የሚለያዩት በ46ቱ ብቻ ነው። የኮፍያው ሰው ጭንቅላት የነበረበት ቦታ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዝንጀሮ ሆኗል። ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ሲወረውር። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ነጥብ በእጁ ቀይሯታል። ጆሮዋ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ብላለች። ሲዘል አፉ ይከፈታል። በዋናው ላይ የአፍ መከፈት የለም። ያ ሰው እንዲህ እንዲያደርግ ያዘዘው አልነበረም። ለሽያጭ ብቻ ቢሆን አንድ የተዘጋ አፍ ይበቃ ነበር።

ከፕሮግራሙ ክፍል የተነካው በጣም ትንሽ ነው። የርዕሱ ጽሑፍ ተደምስሷል። ሌላ አንዲት ባይት ላይ 3 የነበረው 9 ሆኗል። ይቺን 9 ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

እዚህ ጋ አንድ ልጅ ባለፈው ሳምንት ሱቅ መጥቶ የጠየቀኝን ላንሳ። «ታዲያ ሌብነት አይደለም ወይ?» አለኝ። አዎ፣ የሌላውን ሥራ ሳይፈቅድ ገልብጦ መሸጥ ሌብነት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን የዚህን ጌም የጭንቅላት ታሪክ ስሙ። መጀመሪያ ጌሙ «ዎንደር ቦይ» ነበር። ያው በ1986 በሌላ ኩባንያ ተሠርቶ ሴጋ በተባለው የኔንቲዶ ተፎካካሪ በኩል ወጣ። ጀግናው ትንሽ ልጅ ነው። ሀድሰን ጌሙን በፋሚኮም ለማውጣት ፈቃድ አገኘ፤ ስሙና ልጁ ግን የሴጋ ስለሆኑ ሊጠቀምባቸው አልቻለም። ስለዚህ የልጁን ጭንቅላት አንሥቶ የራሱን ሠራተኛ አስገባ። አልተሳሳትኩም፣ እውነተኛ ሰው ነው። ታካሃሺ መይጂን ይባላል። የሀድሰን ሠራተኛ ሆኖ በየውድድሩ እየዞረ ለጃፓን ልጆች ጌም ያሳይ ነበር። ቁልፍ በሰከንድ 16 ጊዜ በመንካት የታወቀ ሰው ነው። እዚህ ውስጥ በሰከንድ ስምንት የሚችል ካለ በኋላ እንሞክረዋለን።

ኔንቲዶ ራሱም እንዲሁ አድርጓል። በፈረንጆቹ 1987 «ዶኪ ዶኪ ፓኒክ» የሚባል ጌም ጃፓን ውስጥ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የጀግኖቹን ጭንቅላት ቀይረው፣ ማሪዮን አስገብተው፣ አሜሪካ ውስጥ «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2» ብለው ሸጡት። በፈቃድ ነው፣ የራሳቸው ነው። ግን ሥራው ያው ጭንቅላት መቀየር ነው።

ፎርጅድ ሠሪዎቹም ሁሉም ሰነፎች አልነበሩም። በፈረንጆቹ 1994 የወጣ «ሶማሪ» የሚባል አለ። ማሪዮ በሶኒክ ዓለም ውስጥ የሚሮጥበት ነው። ሶኒክ የተሠራው ለሴጋ ባለ 16 ቢት ማሽን ነው፤ ፋሚኮም ባለ 8 ቢት ነው፣ አቅሙ ያንሳል። መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ጌሙን ከባዶ መልሰው ጻፉት። ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ችሎታ ግን ነበራቸው። ሁለቱንም መናገር አለብኝ።

ስለዚህ የእኛ ጀግና ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱ ተቀይሯል። ልጅ ነበር፣ ታካሃሺ ሆነ፣ ዝንጀሮ ሆነ። እያንዳንዱ ካሴት ንባብ ስምንት ሆሄና ቁጥር ያለው መለያ ይወጣለታል፤ ሰብሳቢዎች በእሱ ነው የሚያወዳድሩት። የዚችን መለያ የካሴት መዝገቦች ላይ ፈለግኩ። ከተመዘገቡት ጋር አልገጠመም።

ላፕቶፔን ይዤ እትዬ ጋ ወጣሁ። ቡና እያፈሉ ነበር። ጌሙን ከፈትኩላቸው። «ይሄውና ዝንጀሮው!» አሉ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። እኔ ሁለት ጥያቄ ይዤ ነበር የሄድኩት፤ ይዤ የተመለስኩት ግን ሦስት መልስ ነው።

መጀመሪያ «ዝንጀሮው 1 የት ገባ?» አልኳቸው። «የምን አንድ?» አሉኝ። ፕላስተሩን አሳየኋቸው። ካሴቷን አገላብጠው አዩና፣ «አይ ልጄ፣ እሱማ ዋጋው ነው» አሉ። «ሌላው ሁሉ ስሙኒ ነበር። ይሄ ሁለት ስሙኒ። አንዱ ከያዘው አይለቅማ! ሌሎቹ ልጆች ተራ አልደረሰንም እያሉ ያለቅሱ ነበር። እሱ ምን ያድርግ፣ ሁለት ስሙኒ ብሎ ጻፈበት።»

ዘጠኟን አስታወሳችሁ? በዋናው ጌም ስትጀምሩ ሦስት ነፍስ ነው ያላችሁ። ጭንቅላቱን የቀየረው ሰው ሦስቱን ዘጠኝ አደረጋት። ስለዚህ አንድ ልጅ በአንድ ስሙኒ የሦስት ልጅ ተራ ይጫወታል። ወንበሩ ይጨናነቃል። ጌም ቤቱ ገቢ ያጣል። ባለቤቱ እስክሪብቶ ያነሣሉ። አንዲት ባይትና አንዲት ፕላስተር፤ ሁለቱን ባላገናኛቸው ኖሮ ዛሬም «ዝንጀሮው 1»ን እየፈለግኩ ነበር። ጌም ቤቱ ባይኖር ኖሮ ያ 9 ለእኔ ዝም ብሎ ቁጥር ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ሌላ ነበር። ሰድሮቹን ሳስተያይ አንድ ያልተነካ ቦታ አይቻለሁ። ጀግናው ሲሞት የሚታየው ሥዕል ለብቻው፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጭንቅላት ቀያሪው እሱን ዘሎታል። ስለዚህ ዝንጀሮው ሲሞት ለአንድ ቅጽበት ዝንጀሮነቱ ይጠፋል። የኮፍያው ሰው፣ የሀድሰኑ ሠራተኛ፣ ፊቱ ይታያል፤ ከዚያ ይወድቃል። ልጆቹ ይህን አይተውት ይሆን? ብዬ እትዬን ጠየቅኳቸው።

«እንዴታ!» አሉ። «ሁሉም በአንድ ድምፅ ‹ሰው ሆነ!› ብለው ይጮሁ ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ማን እንደሞተ በዚህ ነው የማውቀው።» ልጆቹ ታሪክም ሠርተውለት ነበር። ዝንጀሮው ድሮ ሰው ነበረ። ተረግሞ ነው ዝንጀሮ የሆነው። ስለሚሞት ነው ሰው የሚሆነው፤ አንዳንዱ ደግሞ 32ኛውን ዙር ያለፈ ልጅ ሰው እንደሆነ ይቀርለታል ይል ነበር። በዘጠኝ ነፍስ እንኳ እዚያ የደረሰ ልጅ እትዬ አያስታውሱም።

ይህን ታሪክ የትም ካሴት ውስጥ አታገኙትም። ማንም አልጻፈውም። ጃፓን ውስጥ የተሳለ ፊት፣ ሌላ ቦታ ተረስቶ የቀረ፣ ካዛንቺስ ላይ ተረት ሆነ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች ዛሬ የአርባ ዓመት ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቻችሁ እዚህ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ሦስተኛውን መልስ ሳልጠይቅ ነው ያገኘሁት። ጌሙ እየተጫወተ ሳለ እትዬ ጀበናውን አስቀምጠው አዳመጡ። ከዚያ፣ «ዘፈኑ ይቸኩላል» አሉ። «ምን ሆኖ ነው? እንዲህ አልነበረም።» እኔ ዕድሜ ነው፣ ብዙ ጊዜ ስላለፈ ነው ብዬ አሰብኩ። ዝም አልኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ጆይስቲክ ጨብጠው የማያውቁ ሰው ያንን ሙዚቃ ስምንት ዓመት ሙሉ ከወጥ ቤት ሆነው ሰምተውታል። ከእሳቸው በላይ ማን ሊያውቀው ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጃፓኑ ማሽን በሰከንድ 60 ሥዕል ነው የሚሠራው፤ የጃፓን ቲቪ እንደዚያ ስለሆነ። የእኛ ቲቪ ፓል የሚባለው ዓይነት ነው። በሰከንድ 50። ወደ እኛ የመጡት ማሽኖች ለዚህ ተብለው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ጌም ደግሞ ሰዓት አይቆጥርም፤ የሚቆጥረው ሥዕል ነው። አንድ ሥዕል ሲሠራ ጀግናው ትንሽ ይራመዳል፣ ሙዚቃውም ትንሽ ይራመዳል። ሥዕሉ 50 ሲሆን ሁሉም ነገር ይዘገያል። ጃፓን ውስጥ 60 ሰከንድ የሚፈጀው ዜማ እኛ ጋ 72 ሰከንድ ይፈጃል።

ግን የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ያን ያህል አይቀየርም። ለምን? ድምፁን የሚወስነው የዋናው ቺፕ ፍጥነት ነው። የጃፓኑ በሰከንድ 1.79 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል፤ የፎርጅዱ የፓል ማሽን 1.77። አይለይም ማለት ይቻላል። ኔንቲዶ ራሱ ለአውሮፓ የሠራው ግን 1.66 ነው፤ እዚያ ዜማው ሳይስተካከል ከቀረ ድምፁም ይወፍራል። ስለዚህ እኛ የሰማነው የጃፓን ልጆች የሰሙትን አይደለም፤ የአውሮፓ ልጆች የሰሙትንም አይደለም። ድምፁ የጃፓን፣ እርጋታው የእኛ ቲቪ ነው። ኢሙሌተሮች ላይ ለዚህ መምረጫ አለ። ስሙ «ዴንዲ» ነው፤ በሩሲያው ማሽን ስም። እሱን መርጬ በማግስቱ ተመልሼ ወጣሁ። ከፈትኩት። እትዬ ምንም አላሉም። ሽንኩርት መክተፋቸውን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይተው አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ።

እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈውኛል። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። አገራችን ውስጥ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ስለዚህ ጌሙን ለማንም አላከፋፍልም። አስቀምጬዋለሁ። ላካፍል የምችለው ልዩነቱን ብቻ ነው፤ 46ቱን ሰድሮችና ጥቂቶቹን ባይቶች። የዋናውን ጌም ባይት ያልያዘች፣ «እዚህ ቦታ ላይ ይህን ቀይር» ብቻ የምትል ትንሽ ፋይል ናት። በውስጧ ያለው ያ ስሙን ያልጻፈ ሰው የሠራው ሥራ ብቻ ነው። አጠገቧ እትዬ የነገሩኝን ጽፌ አስቀምጫለሁ። በእሳቸው ፈቃድ፣ ያለ ስማቸው።

አሁን ልመና አለኝ። እዚህ ብሎክ ውስጥ ከልደታ የመጣ አለ፣ ከፒያሳ የመጣ አለ፣ ከካዛንቺስ የመጣ አለ። ሁላችንም ያልከፈትነው ካርቶን አለን። አልጋ ሥር ነው፣ በረንዳ ላይ ነው፣ ቁም ሣጥን ላይ ነው። ካሴት ካገኛችሁ አትንፉበት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ለቁራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለአንድ ቀን አምጡልኝ፤ አንብቤ እመልስላችኋለሁ፣ ገንዘብ አልጠይቅም። የማይሠራ ቢመስላችሁም አምጡት። ሥዕሉ የተላጠውን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበትን በተለይ። የጃፓንንና የአሜሪካን ካሴት የሚያስቀምጥ ብዙ ሰው አለ። ካዛንቺስ አግዳሚ ወንበር ላይ የነበረውን ማንም ከውጭ መጥቶ አያስቀምጥልንም። ከካሴቱ ጋር ደግሞ ምን ትሉት እንደነበር ንገሩኝ። ስንት ነበር፣ ማን ያሸንፍ ነበር፣ ስትሸነፉ ምን ትሉ ነበር።

ጥያቄ ካለ ከጨዋታው በኋላ። መብራት እያለ እንጠቀምበት። ያ ጀርባው ትልቁ ቲቪ ከሱቄ ነው የመጣው። ማሽኑ የእትዬ ባለቤት ማሽን ነው። ክዳኑን በማጣበቂያ ይዤዋለሁ፣ የጆይስቲኮቹን ገመድ ቀጥያለሁ። ምስሉ መጀመሪያ በረዶ ይሆናል፤ ታገሱ፣ ቻናሉን አስተካክላለሁ።

የመጀመሪያው ተራ የእትዬ የልጅ ልጅ ነው። ና፣ እዚህ ተቀመጥ። ነፍስህ ዘጠኝ ነው፤ የሞተ ይለቃል የሚለው ሕግ ዛሬም አለ። ሌሎቻችሁ ስክሪኑን እዩ። ሲሞት ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ አንድ ቅጽበት ብቻ ነው።